ማዳበሪያው፦ ገላን ዳርቻ ያለ የአንድ ትንሽ ፕላስቲክ ፋብሪካ ጉዳይ

መቂ አካባቢ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ ገበሬ የገዛውን ቱቦ መልሶ አመጣው። ጥቁር፣ የተጠቀለለ የመስኖ ቱቦ ነው። በአይሱዙ ጭኖ መጥቶ ፋብሪካው በር ላይ አራገፈው። ብዙም አልተናገረም። አንዱን ጥቅል ፈታ፤ ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ አጠፈው። ቱቦው እንደ ደረቅ ሸንበቆ ቀጭ አለ።

«ምን አስገብታችሁበት ነው?» አለ።

ባለቤቱ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ነኝ፤ ለፋብሪካው ሠራተኞች ሥልጠና መስጠት ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ያ ቱቦ ለምን እንደተሰበረ ለማወቅ ከጠበቅኩት በላይ ጊዜ ፈጀብን። ምክንያቱ ሲገኝም የሥልጠና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልተርከው። የፋብሪካውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም።

ፋብሪካው ከቃሊቲ ወጥቶ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ፣ ገላን ዳርቻ ላይ ነው። ገላን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናት። አካባቢው መጋዘንና ፋብሪካ የበዛበት ነው። ጠዋት ጠዋት መንገዱ በከባድ መኪናና ወደ ሺፍት በሚሮጥ ሰው ይሞላል። ግቢው ውስጥ ሃያ ምናምን ሰው ይሠራል። አማርኛውና ኦሮምኛው ተደባልቆ ይወራል።

ለዓመታት ያመርቱ የነበረው ፌስታል ነበር። የፌስታል ነገር በሕግ የተነሳው ዛሬ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ሆኖም ስሱ ፌስታል ከየሱቁ አልጠፋም፤ ይህን ሁላችንም በዓይናችን ያየነው ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። እኔ በአዋጁ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ቦዩን የሚደፍነው፣ ከብት በልቶት የሚሞተው ፌስታል ነው። ነገር ግን ፌስታል በማምረት ልጆቹን ያሳደገ ሰው ደግሞ አለ። አዋጅ በአንድ ቀን ይጸድቃል፤ የሰው እጅ ግን በአንድ ቀን ሌላ ሙያ አይለምድም።

ባለቤቱ ሠራተኞቹን አልበተነም። ይህን ልመሰክርለት እፈልጋለሁ። ያገለገለ የቻይና ቱቦ መሥሪያ ማሽን ገዛ። ጥሬ ዕቃውን ከሰበሰበው አሮጌ ፕላስቲክ ሊያዘጋጅ አሰበ፤ ጀሪካን፣ የለስላሳ ሳጥን፣ የተጣለ ፌስታል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ዶላር አይጠይቅም፣ ቆሻሻ ይቀንሳል፣ ገበሬውም ቱቦውን በቅናሽ ያገኛል። ለመጠጥ ውኃ ሳይሆን ለመስኖ ብቻ እንደሚሆንም ከመነሻው ወስኗል፤ ምን ተይዞበት እንደነበር የማይታወቅ ዕቃ ተፈጭቶ የሰው መጠጫ መሆን የለበትምና።

እኔን የጠራኝ ኦፕሬተሮቹን እንዳሠለጥን ነው። «ማሽኑን ያስተምሩልኝ» ነበር ያለው። እኔም ማሽኑን ማስተማር ጀመርኩ። ቢሮው ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ከ1 እስከ 7 ያሉትን የፕላስቲክ ቁጥሮች በሥዕል አሳየሁ። በሦስት ቀስት የተከበበችውን ቁጥር ብዙ ሰው ዕቃ ሥር አይቷታል። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካኖች ያወጧት ምልክት ናት። 1 የውኃ ሃይላንድ፣ 2 ጀሪካን፣ 3 የመብራት ገመድ ልባስ የሚሠራበት ፒቪሲ እያልኩ ሄድኩ። ሰዎቹ አዳመጡኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም የተማሩ መሰለኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልነበረውን ሰው ግን ልብ አላልኩም። የዕቃ መለያው ጓሮ ሴቶች አልተጠሩም ነበር። እኔም «የታሉ?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ቱቦው ሲመለስ መጀመሪያ የጠረጠርነው ማሽኑን ነው። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ሂተሩ አንዱ ይሠራል አንዱ አይሠራም፣ መብራትም ይቆራረጣል። መብራት ሲጠፋ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ይጠጥራል። መብራቱ ሲመጣ ፕላስቲኩን የሚገፋውን ስክር ወዲያው ማዞር አይቻልም፤ ውስጡ እስኪቀልጥ መጠበቅ ግድ ነው። ያን ጊዜ የሚወጣው ጓል ሁሉ ተጥሎ ይፈጫል። ስለዚህ «መብራቱ ነው» ማለት ቀላል ነበር። ሂተሩ ተቀየረ። ቱቦው ግን መሰባበሩን አልተወም።

ከዚያ አንድ ቀን የተመለሰውን ቱቦ በመጋዝ በቁመቱ ሰነጠቅኩት። በጥቁሩ መሐል ነጣ ያሉ ቀጫጭን ክሮች አየሁ። የተሰበረበትን ቦታ ሁሉ ስመለከት ስንጥቁ የሚጀምረው ከክሩ ነው። ክሩን በወረንጦ ነቅዬ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ጓሮው ፋብሪካው የሚጀምርበት ቦታ ነው። ቁራሌዎቹ ከሰፈር ሰፈር የሰበሰቡትን ለደላላ ይሸጣሉ፤ ደላላው በማዳበሪያ፣ ማለትም በተሸመነ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ጠቅጥቆ እዚህ ያመጣል። ስድስት ሴቶች ቁጭ ብለው ማዳበሪያውን ይፈታሉ፣ ዕቃውን ይለያሉ። በዕድሜ ጠና ያሉትን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ክሩን አሳየኋቸው። ገና ሳይነኩት፦

«ይሄማ የማዳበሪያ ክር ነው» አሉ።

«እትዬ፣ እንዴት አወቁት?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ማዳበሪያ ስፈታ ኖሬ እንዴት አላውቀውም?»

«ታዲያ ለምን ወደ መፍጫው፣ ወደ ክራሸሩ ገባ?»

ቀና ብለው አዩኝና «በኪሎ ነዋ ልጄ!» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነበር። ለሴቶቹ የሚከፈለው በኪሎ ነው። የተቀደደ ማዳበሪያም ኪሎ አለው። አውጥተው ቢጥሉት ከደሞዛቸው ነው የሚጥሉት። ማንም ደግሞ ማዳበሪያውን አውጡ ብሎ ነግሯቸው አያውቅም። «ይቀልጣል አይደል?» ነበር የሚባለው።

ይቀልጣል፤ ግን አብሮ አይቀልጥም። ጀሪካንና ፌስታል ከፖሊኢትሊን ይሠራሉ። የጀሪካኑ ዓይነት 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ማዳበሪያው የሚሸመነው ግን ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ያ ደግሞ 160 ዲግሪ ካላለፈ አይቀልጥም። ቢቀልጥም እንኳ ሁለቱ እንደ ውኃና ዘይት ናቸው፤ ተደባልቀው አንድ አካል አይሆኑም። ቱቦው ሲታጠፍ የሚከፈተው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው።

«ውኃ ውስጥ አይለይም ወይ?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። በባልዲ ውኃ ሞላሁና የጀሪካን ቁራጭና የማዳበሪያ ክር ጨመርኩበት። ሁለቱም ተንሳፈፉ። ሁለቱም ከውኃ ይቀላሉ። የሃይላንድ ቁራጭና የፒቪሲ ቁራጭ ስጨምር ሰመጡ። ውኃ የሚለየው የሚሰምጠውን ከሚንሳፈፈው ብቻ ነው። ጀሪካኑን ከማዳበሪያው የሚለየው የእትዬ እጅ እንጂ ውኃው አይደለም። ይህን ሙከራ ያደረግነው ጓሮው ውስጥ፣ ሴቶቹ ከበውን ነው። ቢሮ ውስጥ በላፕቶፕ ካወራሁት ሁሉ ይህ የአንድ ባልዲ ትምህርት ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥልጠናው ወደ ጓሮ ወረደ። እኔ ያመጣሁት የተወሰነ ነገር ነው። ውኃው ላይ ትንሽ ኦሞ ጠብ ማድረግ ቁራጩ ላይ የተጣበቀውን አየር እንደሚያስለቅቅ አሳየሁ፤ አለዚያ መስመጥ ያለበት ቁራጭ በአየር አረፋ ተይዞ ይንሳፈፋል። የማጠቢያው ገንዳ እስከ አፉ ሲሞላ የሰመጠውም ከተንሳፈፈው ጋር አብሮ ይታፈሳል፤ ስለዚህ በልኩ መሙላት እንዳለበት ተነጋገርን።

እነሱ ያስተማሩኝ ግን ይበልጣል። እትዬ ሁለት ፌስታል አንስተው ጆሮዬ ሥር ጨመደዷቸው። «ይሄ ይጮኻል፣ ይሄ ዝም ይላል» አሉኝ። የሚጮኸው ጠንካራው ፖሊኢትሊን ነው፤ ዝም የሚለው ለስላሳው። ላቦራቶሪ ውስጥ በመሣሪያ የሚለየውን በጆሯቸው ይለዩታል። ጀሪካንና የለስላሳ ሳጥን ሁለቱም 2 ቁጥር ናቸው። ሲቀልጡ ግን ሳጥኑ ይፈሳል፣ ጀሪካኑ ይይዛል፤ ሳጥኑ በግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫው (ሞልድ) እንዲገባ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ነው። ሴቶቹ ይህን በቃል ባያስረዱትም ሳጥን ሲሰበር የሚሰጠው ድምፅ የተለየ መሆኑን ያውቃሉ። እኔ የነገርኳቸው ለቱቦ ጀሪካኑ እንደሚሻል፣ ሳጥኑ ቢበዛ ቱቦው እንደሚደክም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ክምሩን ለሁለት የከፈሉት ራሳቸው ናቸው።

ሥልጠና ብቻ ግን ምንም አልለወጠም። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ በየፋብሪካው ለሥልጠና ገንዘብ ወጥቶ ለምን እንደሚባክን እዚህ ጋ ነው ያየሁት። በሳምንቱ ጓሮውን ስመለከት ማዳበሪያው አሁንም ወደ ክራሸር ይገባል። ሴቶቹ አልገባቸው ይሆን? ገብቷቸዋል። ግን አሁንም የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። ያስተማርኳቸው ነገር ከኪሳቸው የሚቀንስ ነገር ነበር። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ለቱቦ ጥራት ብሎ የልጁን ዳቦ እንዲቀንስ እንዴት ይጠየቃል?

ለባለቤቱ ይህንኑ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። «ገንዘብ የምጨምረው ከየት አምጥቼ ነው?» አለ። በሩ ላይ የተከመረውን የተመለሰ ቱቦ አሳየሁት። እሱን እንደገና ለመፍጨትና ለማቅለጥ የሚወጣው መብራት፣ ጊዜና የጠፋው ደንበኛ የማን ገንዘብ ነው? ሁለት ቀን አሰበበት። ከዚያ ክፍያው ተለወጠ፤ ቋሚ የቀን ሒሳብ፣ በላዩም ዕቃው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ጭማሪ። ባዶ ማዳበሪያውም ለብቻው ተቆጥሮ ለደላላው እንዲመለስ ተደረገ። ደላላው ደስ አለው፤ ማዳበሪያ መግዛት ቀረለት።

ንጹሕ መሆኑን እንዴት እናውቃለን የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነበር። መፍትሔውን ያመጣው አንድ ወጣት ሠራተኛ ነው። ከቤቱ ከአገልግሎት የወጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አመጣ። ከየክምሩ አንድ እፍኝ የተፈጨ ዕቃ በሁለት ቆርቆሮ መሐል ተደርጎ ምጣዱ ላይ ይቀልጣል፤ በከባድ ብረት ይጫናል። እንደ ስስ ቂጣ ሲወጣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት ነው። ክር ካለ ይታያል። ፒቪሲ ካለ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። የሚፈርዱት ሴቶቹና ኦፕሬተሩ አብረው ነው። ክርክር ይነሳል፤ ግን ዕቃው ዓይናቸው ሥር ስላለ ክርክሩ ይቋጫል። ምጣዱ ያለው ደጅ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል አሲዳማ ጋዝ ይለቃል፤ ሳንባም ብረትም ይበላል።

ፒቪሲው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይዞ ነበር። የማሽኑ ዋና ኦፕሬተር በዕድሜም በሥራም የቆዩ ሰው ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ፌስታል ይመረት በነበረበት ጊዜ ከማሽኑ እንደ ፊኛ ተነፍቶ የሚወጣውን ፕላስቲክ በዓይናቸው አይተው ውፍረቱን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ትንሽ ደብተር አለቻቸው። ኪሳቸው ውስጥ ናት፤ ለማንም አያሳዩም። የማሽኑ ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። እሳቸው የማይገቡበት ሺፍት ላይ ቱቦው ይበላሻል። ወጣቶቹ «ጋሼ ይደብቁናል» ይላሉ።

እኔም መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ቤት አብረን ቁጭ አልን።

«ጋሼ፣ ደብተርዎን ለልጆቹ ቢያሳዩአቸው ምን አለ?»

«አሳየኋቸውና ነገ እኔን ምን ያደርጉኛል?»

መልስ አጣሁ። ልክ ነበሩ። የእሳቸው ዋስትና ያቺ ደብተር ናት። ጡረታቸው ሩቅ አይደለም፤ ዲፕሎማ የላቸውም። የቻይናው ማሽን ሲመጣ ሥራቸውን ያጡ መስሏቸው ብዙ ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ነገሩኝ። እውቀቱን ማካፈል ማለት ለእሳቸው ራሳቸውን ከሥራ ማውጣት ነበር።

ባለቤቱ ይህንንም ሰማ። ጋሼን የሥልጠና ኃላፊ አድርጎ በጽሑፍ ሾማቸው። አንድ ሠራተኛ ማሽኑን ብቻውን አስነስቶ፣ የቀለጠውን ፕላስቲክ የሚያጣራውን ወንፊት ቀይሮ፣ ቱቦ አውጥቶ ባሳየ ቁጥር ለጋሼ የተወሰነ ክፍያ ይታሰባል። ደብተሯ ከኪስ ወጣች። ስንገልጣት የቱቦው መሰባበር ሌላኛው ግማሽ እዚያ ተጽፎ አገኘነው።

ጋሼ የማሽኑን ሙቀት ዝቅ አድርገው ነበር። ቀድሞ ከተለመደው ወርዶ 160 አካባቢ ነው። ለምን? ሙቀቱ ሲጨምር ጥቁር የተቃጠለ ነጥብ ይወጣባቸዋል። ያ ነጥብ ፒቪሲው ነው። የተጣለ የመብራት ገመድ ልባስና የጫማ ሶል ቁርጥራጭ ተደባልቆ ይገባል። ፒቪሲው እንዳይቃጠል ሙቀት ቀነሱ፤ ሙቀት ሲቀንስ የማዳበሪያው ክር ሳይቀልጥ አለፈ። አንዱን ሲያድኑ ሌላው መጣባቸው። ከማሽኑ ፊት ቆመው ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ጓሮው ያላየውን ስህተት በሙቀት መቆጣጠሪያው ሊያርሙ ሲታገሉ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በሃምሳ እርምጃ ርቀት፣ አይነጋገሩም ነበር። ግድግዳው ላይ ግን ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ አምስቱ ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ የሚሄዱት፣ በትልቁ ተለጥፈዋል።

ጓሮው ሲጸዳ ጋሼ ሙቀቱን ወደ 190 መለሱት። ወንፊቱም ቶሎ ቶሎ መደፈኑን ተወ። የቻይናውን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ወጣቶቹ በአማርኛ ተለጣፊ ሞሉት፤ «ሙቀት 1»፣ «መጎተቻ»፣ «አትንካ፣ ጋሼን ጠይቅ»። ለሌሊት ሺፍቱ ደግሞ ጋሼ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይተዋሉ። ማንበብ የሚከብደው ሠራተኛም ይሰማዋል።

ውኃው ሌላ ራስ ምታት ነበር፤ እኔ በግሌ የምቆጨው በእሱ ነው። የታጠበበት ውኃ ኦሞውንና ፍቅፋቂውን ይዞ ወደ ቦዩ ይወርድ ነበር። የአካባቢው ውኃ መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው፤ አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ። ፕላስቲክ መልሰን እንጠቀማለን እያልን የፕላስቲክ ዱቄት ወደ ወንዝ መልቀቅ አሳፋሪ ነው። ሦስት ተከታታይ ጉድጓድ ተቆፍሮ በሲሚንቶ ተለሰነ። ዝቃጩ እየቀረ ውኃው ከሦስተኛው ጉድጓድ ወደ ማጠቢያው ይመለሳል። ወደ ቦዩ በሚወጣው ላይ ወንፊት ተደረገ። የኦሞው መጠን በክዳን እንዲለካ ያደረጉት ሴቶቹ ናቸው። ፍጹም አይደለም። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ጣሪያው እስካሁን አልተሠራም።

ያልተፈታ ሌላም አለ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይመጣል፣ ያልቃል፣ ሳይተካ ይቆያል። ክራሸሩ አጠገብ የሚሠራ ሰው ጆሮ መከላከያ የለውም። ሥልጠና ከጨረሱት ወጣቶች ሁለቱ የተሻለ ደሞዝ አግኝተው ወደ ሌላ ፋብሪካ ሄደዋል። ባለቤቱ «አሠልጥኜ ለሰው ሰጠሁ» ብሎ አዝኗል፤ ሐዘኑ ይገባኛል። ልጆቹ ግን አሁንም ፕላስቲክ ቤት ነው ያሉት፤ የሚያውቁትን ይዘው ነው የሄዱት።

ከሁሉም የሚከነክነኝ የእትዬ ነገር ነው። በአገራችን በየደረጃው የተከፈለ የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ወጣቶቹን ለምዘና ልናዘጋጃቸው እየሞከርን ነው። እትዬ ግን ትምህርት ቤት አልገቡም፤ በእጃቸው አንድም ወረቀት የለም። ፋብሪካው ነገ ቢዘጋ ሌላ ቦታ ሄደው «ዕቃ ለቃሚ ነኝ» ከማለት ውጪ የሚሉት የላቸውም። በጆሯቸው ሁለት ዓይነት ፖሊኢትሊን የሚለዩ ሰው ናቸው። የእሳቸውን ዓይነት ሰው በተግባርና በቃል መመዘን የሚከብድ አይመስለኝም። «የቱን ለዩ? ለምን ለዩት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ ማንሳቴን አላቆምም።

ባለፈው የመቂው ገበሬ ተመልሶ መጣ። ባለቤቱ ደውሎ አስጠርቶት ነው። ከአዲሱ ምርት አንድ ጥቅል አወጡለት። እንደዚያን ቀኑ ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ አጠፈው። ታጠፈ። ደግሞ ወደ ሌላው ጎን አጠፈው። አልተሰበረም። ድንጋይ ላይ አድርጎ በጫማው ተረከዝ ረገጠው። ጋሼና እትዬ ከወዲያ ቆመው ያያሉ። ገበሬው ቱቦውን አገላብጦ አየና ሁለት ጥቅል ብቻ እንዲጫንለት ጠየቀ።

«ሌላውስ?» አለው ባለቤቱ።

«ፀሐዩን ይቻለው እንጂ፣ እመጣለሁ» አለ።